ከረባት አስተሳሰር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች «ቀኝ» እና «ግራ» የምንለው የአሳሪውን የራሱን ቀኝና ግራ ነው። አስተሳሰሩ ሁሉ የተጻፈው ሰፊውን ጫፍ በቀኝ፣ ቀጭኑን በግራ ይዘው እንደሚጀምሩ ታስቦ ነው። ግራኝ ከሆኑ ሰፊውን በግራ ያድርጉና ቀኝ ያልነውን ሁሉ ወደ ግራ ይገልብጡት፤ ቋጠሮው አይለወጥም።

ለጀማሪ የትኛው ቋጠሮ ይሻላል?

መጀመሪያ ፎር-ኢን-ሃንድ፣ ቀጥሎ ግማሽ ዊንሰር። ሁለቱን የቻለ ሰው ለሥራ ቃለ መጠይቅም፣ ለምረቃም፣ ለሠርግም፣ ለለቅሶም ሌላ አያስፈልገውም።

የኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተመራማሪዎች ቶማስ ፊንክና ዮንግ ማኦ በ1999 እ.ኤ.አ. ከረባት በስንት ዓይነት መንገድ ሊታሰር እንደሚችል ሲያሰሉ 85 አግኝተዋል። ሰው በየቀኑ የሚያስራቸው ግን ከአራት አይበልጡም። ፎር-ኢን-ሃንድ ቀጭንና ረዘም ያለ ነው፤ በተፈጥሮውም ትንሽ ወደ ጎን ጋደል ይላል። ግማሽ ዊንሰር መካከለኛ መጠን ያለው፣ ሁለቱ ጎኑ እኩል የሆነ ሦስት ማዕዘን ይሰጣል። ሙሉ ዊንሰር ወፍራምና ሰፊ ነው። አራተኛው ፕራት ከረባቱ ተገልብጦ የሚጀመር ሲሆን፣ ረዣዥም ሰዎችን የሚመለከተው ጥያቄ ላይ እንመለስበታለን።

ከማሰሬ በፊት ምን ላድርግ?

የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ ይቆልፉ፣ ኮሌታውን ወደ ላይ ያቁሙ፣ መስታወት ፊት ይቁሙ። ቁልፉን ኋላ እቆልፈዋለሁ ብሎ መጀመር የብዙ ችግር ምንጭ ነው፤ ቋጠሮው የሚቀመጠው በተቆለፈው ቁልፍ ላይ ስለሆነ ክፍት ከሆነ የሚያርፍበት ነገር የለውም። ሲቆልፉት የሚያንቅዎ ከሆነ ጥፋቱ የከረባቱ አይደለም፣ ሸሚዙ ጠቦታል። ሁለት ጣት በኮሌታውና በአንገትዎ መካከል ያለ ችግር መግባት አለበት። አራት ጣት የሚያስገባ ከሆነ ደግሞ የፈለጉትን ቢያጠብቁ ኮሌታው ተጨማዶ ይሰበሰባል እንጂ አያምርም።

ሰፊውን ጫፍ ምን ያህል ዝቅ አድርጌ ልጀምር?

ከሁሉም በላይ የምንጠየቀው ይህ ነው፤ መሆንም ያለበት ይህ ነው። ቋጠሮውን ራሱን እጅ በአንድ ምሽት ይለምደዋል። ከረባት ሆድ ላይ የሚቀረው ወይም ከቀበቶ በታች የሚንጠለጠለው አነሳሱ ላይ ልኩ ስላልተያዘ ነው።

ሲጨርሱ የሰፊው ጫፍ ሹል የቀበቶውን ዘለበት መንካት አለበት። ከዘለበቱ በላይ ጣት የሚያህል ቢያጥር ያስኬዳል፤ ከዘለበቱ በታች መውረድ ግን የለበትም። ቀጭኑ ጫፍ ከሰፊው ኋላ ተደብቆ ከእርሱ ትንሽ አጠር ቢል ጥሩ ነው።

መደበኛ ከረባት ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ145 እስከ 150 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በዚህ ርዝመት፣ መካከለኛ ቁመት ላለው ሰው፣ ፎር-ኢን-ሃንድ ሲታሰር ሰፊው ጫፍ ከቀጭኑ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ይጀምራል። ግማሽ ዊንሰር ጨርቅ ስለሚበላ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይፈልጋል፤ ሙሉ ዊንሰር ከዚያም ይበልጣል።

ይህ መነሻ ብቻ ነው። የራስዎን ልክ የሚያገኙት በሸሚዝ ቁልፍ ነው። ቀጭኑ ጫፍ የትኛው ቁልፍ ላይ እንዳረፈ ያዩና ያስሩ፤ ሲጨርሱ ሰፊው ከዘለበቱ በላይ አጥሮ ከቀረ፣ ይፍቱትና ቀጭኑን ባጠረው ልክ ወደ ላይ ስበው እንደገና ይጀምሩ። በሸሚዝ ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ሌላው ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 9 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ቀጭኑን አንድ ቁልፍ ከፍ ማድረግ ሰፊውን በዚያው መጠን ያስረዝመዋል። አንዴ «የእኔ ከላይ አራተኛው ቁልፍ ላይ ነው» ካሉ በኋላ በዚያ ከረባትና በዚያ ቋጠሮ ሁልጊዜ እዚያው ነው። ከረባቱ ወይም ቋጠሮው ሲቀየር ግን ልኩም ይቀየራል።

ፎር-ኢን-ሃንድ እንዴት ይታሰራል?

ሰፊውን በቀጭኑ ላይ አሻግረው ወደ ግራ ይውሰዱት። በቀጭኑ ሥር አዙረው ወደ ቀኝ ያውጡት። አሁን እንደገና በፊት በኩል ወደ ግራ ያሻግሩት፤ በዚህ ጊዜ ከፊት አግድም የሚያልፍ አንድ መታጠቂያ ይፈጠራል፣ የቋጠሮው ፊት የሚሆነው እርሱ ነው። ከዚያ ሰፊውን ከሥር ወደ ላይ በአንገትዎ ቀለበት (ከረባቱ አንገትዎን በዞረበት ክብ) ውስጥ ያሳልፉ፣ ጫፉን በመታጠቂያው ሥር ወደ ታች ያስገቡና ይሳቡ።

መታጠቂያው ውስጥ አንድ ጣት እንደገባ ትተው ቢሠሩ ጫፉን ማሳለፍ ይቀላል። ጀማሪ የሚቸገረው እዚህ ቦታ ላይ ነው፤ አስቀድሞ አጥብቆት ጫፉ አልገባ ይለዋል።

ግማሽ ዊንሰርስ?

1. ሰፊውን በቀጭኑ ላይ አሻግረው ወደ ግራ ይውሰዱ።
2. በቀጭኑ ሥር አዙረው ወደ ቀኝ ያውጡ።
3. ከፊት በኩል ወደ ላይ አንስተው፣ ከላይ ወደ ታች በአንገትዎ ቀለበት ውስጥ ያስገቡና በግራ በኩል ያውጡት። የሰፊው ጫፍ የጀርባ ስፌት ወደ ውጭ ዞሮ ይታያል። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ የተሳሳተ መስሎት ይፈታል፤ ልክ ነው፣ ይቀጥሉ።
4. በፊት በኩል አግድም ወደ ቀኝ ያሻግሩት። አሁን የፊቱ ገጽ ይመለሳል።
5. ከሥር ወደ ላይ በአንገት ቀለበቱ ያሳልፉ።
6. አሁን በፈጠሩት አግድም መታጠቂያ ሥር ወደ ታች ያስገቡና ይሳቡ።

3ኛው ላይ ጨርቁን ጠበቅ አድርገው ይሳቡት። ያ ዙር ከላላ ቋጠሮው በግራ በኩል አብጦ ይቀራል፤ በኋላ ከላይ እየጫኑ ማስተካከል አይቻልም።

ከቋጠሮው ሥር መሐል ላይ የምትታየው ስርጉድ እንዴት ትወጣለች?

ስርጉዷ የምትሠራው ከመጥበቁ በፊት ነው። ሰፊው ጫፍ በመታጠቂያው አልፎ ወርዶ፣ ገና ላላ ብሎ ሳለ፣ ሌባ ጣትዎን ከቋጠሮው ሥር መሐል ላይ ያድርጉ፤ በአውራ ጣትና በመሐል ጣት ግራና ቀኙን ወደ ውስጥ ቆንጥጠው ይያዙ። ቁንጥጫውን ሳይለቁ በሌላው እጅ ሰፊውን ወደ ታች ይሳቡ፣ ከዚያ ሌባ ጣትዎን ያውጡ። እጥፋቱ ቋጠሮው ውስጥ ገብቶ ስለሚያዝ ቀኑን ሙሉ ይቆያል። ቋጠሮው ከጠበቀ በኋላ ከውጭ በጣት ቢጫኑት ግን ወዲያው ይጠፋል። ቀጭን ፖሊስተር ስርጉድ አይዝም፣ ሐር ጥሩ አድርጎ ይይዛል። ለለቅሶ ስርጉድ አያስፈልግም የሚሉ አሉ፤ የግል ምርጫ ነው።

ጠዋት አሳምሬ ያሰርኩት እኩለ ቀን ሳይደርስ ይላላል። ለምን?

ምክንያቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ነው፦ ቀጭኑን ብቻ ስበው አጥብቀውታል። ሁለቱን ጫፎች መሳብ የተለያየ ሥራ ይሠራል። ሰፊውን ሲስቡ ቋጠሮው ራሱ ይጠብቃል። ቀጭኑን ይዘው ቋጠሮውን ወደ ላይ ሲገፉ ደግሞ የአንገቱ ቀለበት ይጠባል፣ ቋጠሮው ግን እንደላላ ነው የሚወጣው። ላላ ያለ ቋጠሮ ወደ ላይ ተገፍቶ ኮሌታ ውስጥ ሲቀመጥ ለጊዜው ያምራል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ አንገት ሲዞር ይወርዳል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አይለውጡ። ቋጠሮው ገና ከአንገትዎ ዝቅ ብሎ ሳለ ሰፊውን ስበው ያጥብቁት፣ ከዚያ ቀጭኑን በአንድ እጅ ይዘው ቋጠሮውን በሌላው እጅ ወደ ላይ ይግፉት፣ መጨረሻ ላይ ሰፊውን አንድ ጊዜ እንደገና በስሱ ይሳቡት።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ከላላ የላይኛውን ቁልፍ ይመልከቱ። ቁልፉም ተቆልፎ ከላላ ጨርቁ የሚያዳልጥ ነው፤ በፎር-ኢን-ሃንድ ፋንታ ግማሽ ዊንሰር ይሞክሩ፣ ተጨማሪው ዙር ይይዘዋል።

ቋጠሮዬ ወደ ጎን ያጋድላል።

ፎር-ኢን-ሃንድ ከሆነ ጠባዩ ነው፣ ይተዉት። ግማሽ ዊንሰር ከሆነ ወይ ሦስተኛው ዙር ላልቷል፣ ወይ ከአንገትዎ ኋላ ከረባቱ ተጣምሞ ኮሌታው ሥር ገብቷል። ኮሌታውን ከማጠፍዎ በፊት ከኋላ በእጅዎ ዳሰው ከረባቱ ጠፍጣፋ ሆኖ መተኛቱን ያረጋግጡ። ኮሌታው ከታጠፈ በኋላ ደግሞ ከረባቱ ከኮሌታው በታች ብቅ ማለት የለበትም፤ ይህን የሚያየው ከኋላዎ የሚቀመጠው ሰው እንጂ እርስዎ አይደሉም።

ቪዲዮ እያየሁ ስሠራ ግራና ቀኙ ይምታታብኛል።

የሚያሳየው ሰው ፊቱን ወደ እርስዎ አዙሮ ስለሚቆም ቀኙ በእርስዎ ግራ በኩል ይታያል። አንዳንዱ ቪዲዮ ደግሞ እንደ መስታወት ተገልብጦ ስለሚጫን ጉዳዩ የባሰ ይወሳሰባል። ግራና ቀኝን ትተው ሰፊው ጫፍ ከቀጭኑ በላይ ነው ወይስ በታች የሚያልፈው የሚለውን ብቻ ይከታተሉ። ማንኛውም ቋጠሮ በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል፤ የላይና የታቹ ተራ ከተዛባ ግን አይሠራም።

ሙሉ ዊንሰር መቼ ያስፈልጋል?

ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። የሚስማማው የኮሌታው ሁለት ሹል ጫፎች በጣም ተራርቀው ለተሠሩ ሸሚዞች፣ ያውም ከረባቱ ስስ ከሆነ ነው። ሰፊው ጫፍ በግራም በቀኝም አንድ አንድ ጊዜ በአንገት ቀለበቱ ውስጥ ስለሚያልፍ ቋጠሮው ይወፍራል። ጠባብ ኮሌታ ውስጥ ሲገባ ጫፎቹን ገፍቶ ከሸሚዙ ላይ ያነሳቸዋል። የኮሌታዎ ሹሎች ከሸሚዙ ተነስተው አየር ላይ ከቀሩ ቋጠሮው በዝቶበታል ማለት ነው።

ስሙ ከዊንሰሩ መስፍን፣ ዙፋናቸውን ከለቀቁት ከኤድዋርድ 8ኛ ጋር ይያያዛል። እሳቸው ግን ይህን ቋጠሮ አያስሩም ነበር፤ ውስጡ የወፈረ ከረባት አሠርተው ፎር-ኢን-ሃንድ ነበር የሚያስሩት።

ረጅም ነኝ፤ የትኛውም ከረባት ዘለበቴ ጋ አይደርስም።

ሁለት መፍትሔ አለ። አንዱ ከ155 እስከ 160 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ረዘም ያለ ከረባት መግዛት ነው። አንገቱ ወፍራም የሆነ ሰውም ቁመቱ መካከለኛ ቢሆን እንኳ ይህ ያስፈልገዋል፣ ምክንያቱም ዙሪያው ጨርቁን ይበላዋል።

ሌላው ፕራት ነው። ከግማሽ ዊንሰር ያነሰ ጨርቅ ወስዶ ተመሳሳይ ሦስት ማዕዘን ይሰጣል። አሜሪካዊው ጄሪ ፕራት የሚኒያፖሊሱን የቴሌቪዥን ዜና አቅራቢ ዶን ሼልቢን አስተምሮት፣ በ1989 እ.ኤ.አ. በጋዜጣ ከወጣ በኋላ ነው የታወቀው፤ ስለዚህ ሼልቢ የሚሉትም አሉ። ከረባቱን ስፌቱ ወደ ውጭ እንዲታይ ገልብጠው አንገትዎ ላይ ያድርጉ። ሰፊውን በቀጭኑ ሥር ወደ ግራ ይውሰዱ፣ ወደ ላይ አንስተው ከላይ ወደ ታች በአንገት ቀለበቱ ያስገቡና በግራ ያውጡት፣ በፊት በኩል ወደ ቀኝ ያሻግሩት፣ ከሥር በአንገት ቀለበቱ ያሳልፉትና በመታጠቂያው ሥር ያውርዱት። አንድ ጉድለት አለው፦ ቀጭኑ ጫፍ ስፌቱ ወደ ውጭ ሆኖ ስለሚቀር ከሰፊው ኋላ በደንብ መደበቅ አለበት። ከሰፊው ጀርባ ያለችው ማሾለኪያ ለዚህ ናት።

አጭር ሰው የሚገጥመው ተቃራኒው ነው፤ ቀጭኑ ጫፍ ከሰፊው በታች ይወጣል። ጨርቅ የሚበላውን ሙሉ ዊንሰር ማሰር ወይም የተረፈውን ቀጭን ጫፍ በሸሚዙ ሁለት ቁልፎች መካከል ወደ ውስጥ ማስገባት ይቻላል። በመቀስ መቁረጥ ግን አይሆንም። ከረባት ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ረጅም ላላ ያለ ክር የተያያዘ ስለሆነ ጫፉ ሲቆረጥ ክሩ ይለቃል።

በአገር ልብስ ሽመና የተሠራ ከረባት እንዴት ይታሰራል?

በፎር-ኢን-ሃንድ ብቻ። የእጅ ሽመና ጥጥ ወፍራም ስለሆነ ዊንሰር ሲታሰርበት ቋጠሮው ጉብ ይላል። ጥጥ ስለማያዳልጥ አይላላም፣ ይህ ጥቅሙ ነው። ጥበቡ ወይም ጥለቱ ጫፉ ላይ ያለ ከሆነ ልኩን ከሌላው ጊዜ ይበልጥ በጥንቃቄ ይያዙ፤ ጥለቱ ኮቱ ውስጥ ገብቶ ከቀረ የተገዛበት ምክንያት ጠፋ ማለት ነው።

ሲገዙ ከቀጭኑ ጫፍ ይዘው ወደ ታች ያንጠልጥሉት። ሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ እየተጠማዘዘ የሚዞር ከሆነ አቆራረጡ ተዛብቷል፣ ደረት ላይም እንዲሁ ይዞራል። ይህ ፈተና ለሐርም ለፖሊስተርም ይሠራል።

ለሠርግ የሚዜዎችን ሁሉ ከረባት እኔ ነኝ የማስረው። ሰው ላይ እንዴት ይታሰራል?

ፊት ለፊት ቆሞ ማሰር ከሁሉ ይከብዳል፣ እጅ የለመደው ሁሉ ስለሚገለበጥ። ቁመታችሁ ከተቀራረበ ከኋላው ቆመው ሁለት እጅዎን በትከሻው ላይ አሳልፈው መስታወት እያዩ ይሰሩ። ከዚህም የሚቀለው በራስዎ አንገት ላይ አስረው፣ ቋጠሮውን ሳይፈቱ ቀጭኑ ላይ ወደ ታች አንሸራተው ቀለበቱን ማስፋትና በራስ በኩል አውጥቶ ለባለቤቱ መስጠት ነው። ከእርስዎ የሚረዝም ወይም የሚያጥር ከሆነ ልኩን ሲይዙ ያስቡበት። ሚዜዎቹ በአንድ ፎቶ ስለሚቆሙ ሁሉም አንድ ዓይነት ቋጠሮ ይሁን፤ ግማሹ ፎር-ኢን-ሃንድ ግማሹ ዊንሰር ሲሆን ፎቶው ላይ ቶሎ ይታያል።

ማታ ላይ እስክስታ ስላለ የከረባት ክሊፕ ይግዙላቸው። ክሊፑ ከላይ በሦስተኛውና በአራተኛው ቁልፍ መካከል ይውላል፤ ሁለቱን የከረባት ጫፎች ከሸሚዙ ጋር አንድ ላይ መያዝ አለበት። ከረባቱን ብቻ የያዘ ክሊፕ ጌጥ ብቻ ነው። ከከረባቱ ስፋት ማለፍም የለበትም። ሰደርያ የለበሰ ሰው ክሊፕ አያስፈልገውም፣ ሰደርያው ይይዘዋል።

ዚፕ ያለው ወይም በላስቲክ የሚንጠለጠል ከረባት ነውር ነው?

ለሕፃን አይደለም። ለጥበቃ ሠራተኛና ከማሽን አጠገብ ለሚሠራ ሰውም ቢሳብ የሚለቅ ከረባት ይመረጣል። ለሌላው ግን ችግሩ ነውር ሳይሆን ቅርጹ ነው፤ ቋጠሮው ጠንካራ ነገር ላይ ስለተሠራ ኮሌታ ውስጥ በትክክል አይቀመጥም፣ ርዝመቱም አይስተካከልም።

አጥብቄ ማሰር ጉዳት አለው?

አለው። በ2003 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ የዓይን ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ጠብቆ የታሰረ ከረባት የዓይን ውስጥ ግፊትን እንደሚጨምር አሳይቷል። ግላኮማ ያለበት ሰው፣ በተለይ ለዓይን ምርመራ በሚሄድበት ቀን፣ ላላ ቢያደርገው ይሻለዋል። ለሌላውም ቢሆን ከታሰረ በኋላ ኮሌታው ውስጥ አንድ ጣት መግባት አለበት።

ማታ ሳልፈታው አንጠልጥዬ ባድር ምን ይሆናል?

የቋጠሮው እጥፋት ጨርቁ ላይ ይቀራል፣ ከጊዜ በኋላም በካውያ አይለቅም። የታሰረበትን መንገድ ወደ ኋላ እየተከተሉ ይፍቱት። ቀጭኑን መዥለጥ አድርጎ ከቋጠሮው ማውጣት ይቀላል፣ ግን የውስጡን ክር ይበጥሳል፤ ክሩ የተበጠሰ ከረባት መሐሉ ላይ ይጠማዘዛል። ከፈቱ በኋላ ጠቅልለው ወይም አንጠልጥለው ያስቀምጡትና ቢያንስ አንድ ቀን ያሳርፉት። የተጨማደደውን ሻወር ቤት እንፋሎት ውስጥ መስቀል አብዛኛውን ጊዜ ይበቃዋል። ካውያ የግድ ካስፈለገ ዝቅተኛ ሙቀት ላይ፣ ንጹሕ ጨርቅ መሐል አድርገው፣ ሳይጫኑ ይተኩሱት፤ ጠርዙ ከተዳጠ ክብ የነበረው ጠፍጣፋ ይሆናል።

ወጥ ነካው።

በውሃ አይሹት። ሐር ላይ ውሃ ራሱ የራሱን ክብ ምልክት ይተዋል፣ ማሸት ደግሞ በርበሬውንና ቅቤውን ወደ ውስጥ ያስገባዋል። የተረፈውን በማንኪያ ጀርባ ያንሱ፣ በደረቅ ሶፍት ሳያሹ ጫን ጫን እያሉ ዘይቱን ያስመጥጡ፣ ቤት ሲገቡ ዱቄት ፓውደር ነስንሰው ያሳድሩትና ጠዋት በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉ። የበርበሬው ቀለም ከቀረ ለደረቅ እጥበት ሲሰጡ ምን እንደነካው ይንገሯቸው። ገበታ ላይ ሲቀርቡ ጫፉን በሸሚዝዎ ሁለት ቁልፎች መካከል ማስገባት ይሻላል፤ ከረባት የሚበላሸው ከራስዎ እጅ ይልቅ ጎንበስ ብለው ጉርሻ ሲቀበሉ ነው።